መታገሥና መዘናጋት፦ ካንሰር ስላልሆነው የፊት ነርቭ ዕጢ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኔ በዲቁና የማገለግል፣ በዩኒቨርሲቲም የሕክምና ትምህርት በመከታተል ላይ ያለሁ ወንድማችሁ ነኝ። ገና ሐኪም አልሆንሁም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። የምጽፍላችሁ በመማሪያ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ ብቻ ስለሚሰጠው፣ በቤተሰቤ ውስጥ ግን ሁለት ዓመት ስለ ቆየ አንድ ሕመም ነው። በዚህም ሕመም ምክንያት ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን መለየት ተማርሁ፤ መታገሥንና መዘናጋትን። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስላሉ። ፍሬያቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

የፊታችን ክር

ከአንጎላችን ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች ሰባተኛው የፊት ነርቭ ይባላል። በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለን። ነርቩ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ከመስሚያው ነርቭ ጋር ጎን ለጎን ጆሮን ወደ ያዘው የራስ ቅል አጥንት ይገባል፤ በዚያም በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ እየተጠማዘዘ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቦዩ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ የአካል ጥናት ሊቅ በጋብርኤሌ ፋሎፒዮ ስም ይጠራል። እጅግ በጠበበበት ስፍራ ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ነርቩ ከጆሮ በታች ከአጥንቱ ከወጣ በኋላ ምራቅ በሚያመነጨው የጉንጭ ዕጢ ውስጥ አልፎ በ5 ዋና ዋና ቅርንጫፎች ይከፈልና ከግንባር እስከ አንገት ይዘረጋል።

በዚህ ቀጭን ክር ምን ያህል ሥራ እንደሚከናወን ልብ በሉ። ግንባር የሚጨማደደው፣ ዓይን የሚከደነው፣ ከንፈር የሚገጥመው፣ ሰው ሰውን አይቶ ፈገግ የሚለው በእርሱ ነው። እንባና ምራቅ እንዲመነጩ ያዝዛል፤ ከምላሳችን የፊተኛውን ሁለት ሦስተኛ ክፍል ጣዕም ያደርሳል፤ በጆሮ ውስጥ ደግሞ ኃይለኛ ድምፅ እንዳይጎዳን የምትቆጣጠር አንዲት ትንሽ ጡንቻን ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ ቦዩ አጥንት ነውና አይለጠጥም። በውስጡ የሚያድግ ማንኛውም ነገር፣ ካንሰር ባይሆንም እንኳ፣ ቦታ የሚያገኘው ነርቩን እየተጫነ፣ በጊዜ ብዛትም አጥንቱን እየገፋ ነው።

ድንገት የሚመጣውና ቀስ ብሎ የሚመጣው

የአንድ ሰው ፊት ወደ አንድ ወገን ሲጣመም በአገራችን «ብርድ መታው» ወይም «ነፋስ መታው» ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያዘወትረው ምክንያት በስኮትላንዳዊው ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም ቤልስ ፓልሲ የሚባለው ሕመም ነው። በየዓመቱ ከ100,000 ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑትን እንደሚይዝ ይገመታል። ይህ ሕመም ድንገተኛ ነው፤ ከሰዓታት እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርስበት ደረጃ ይደርሳል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በ72 ሰዓታት ውስጥ ቢጀመር መዳንን ያግዛል። አብዛኞቹ ሕሙማንም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል።

ችግሩ የሚነሣው ከዚሁ መልካም ዜና ነው። ቤልስ ፓልሲ ብዙ ጊዜ ስለሚገጥምና ብዙ ጊዜም ስለሚድን፣ ፊቱ የተጣመመ ሰው ሁሉ «ይተውሃል፣ ጠብቅ» ይባላል። ከእነዚህ መካከል ግን ጥቂቶቹ ሕመማቸው ሌላ ነው። በነርቩ ላይ ዕጢ ያደገባቸው ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ በብዙኃኑ መካከል ይሰወራሉ።

በአማርኛ «ዕጢ» ስንል ምራቅንና እንባን የሚያመነጨውን ጤነኛ አካልም፣ ያለ ልክ የሚያድገውን እብጠትም እንጠራበታለን። ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ነርቮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን አላቸው። ሽፋኑን የሚሠሩት ሕዋሳት በጀርመናዊው ተመራማሪ በቴዎዶር ሽቫን ስም ይጠራሉ፤ እነርሱ ከልክ በላይ ሲባዙ የሚፈጠረው ዕጢም ሽቫኖማ ይባላል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሠራጭም፤ እድገቱም አዝጋሚ ነው። ሌላው ሄማንጂዮማ የሚባለው፣ ከደም ሥሮች የሚነሣው ነው። ይህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ፊትን ሊያሽመደምድ ይችላል። ሽቫኖማ ግን ብዙ አድጎ እንኳ ፊት እንደ ነበረ ሊቆይ ይችላል። ነርቩ በሺሕ የሚቈጠሩ ክሮች ስላሉት አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከምለታል፤ ከክሮቹ ብዙዎቹ እስኪጎዱ ድረስም ድካሙ ከውጭ አይታይም።

«እንደ ጥላ ነው የመጣብኝ»

ይህ ሕመም ያገኛቸው የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሕፃናት ፊደል ያስተምራሉ፤ እኛ የእህታቸው ልጆች እታለም እያልን እንጠራቸዋለን። መጀመሪያ የግራ ዓይናቸው ቆብ ይርገበገብ ጀመር። እርሳቸውም እንደ አገራችን ልማድ «ማንን ላይ ይሆን?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከወራት በኋላ ቡና ሲጠጡ ከከንፈራቸው ግራ ጠርዝ ይንጠባጠብባቸው ጀመር። ከዚያም በክፍል ውስጥ «በ» እና «መ» እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አሏቸው፤ እነዚህ ፊደላት ሁለቱ ከንፈሮች ሳይገጥሙ አይነገሩምና። ሕፃናቱ እንዳያዩአቸው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ማስተማር ያዙ። በቤተ ክርስቲያንም ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከኋላ መቆምን መረጡ።

ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደው «ቤልስ ፓልሲ ነው፣ ይተውዎታል» ተባሉ፤ ክኒንም ተሰጣቸው። አልተዋቸውም። ከ6 ወር በኋላ ተመልሰው ቢሄዱ ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ክኒን ተቀበሉ። ጎረቤቱ ግማሹ ምች ነው አለ፣ ግማሹ የሰው ዓይን ነው አለ። የሰው አስተያየት ሲበዛ፣ አመማቸው መቼና እንዴት እንደ ጀመረ የጠየቃቸው አልነበረም።

ለትንሣኤ በዓል ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ስመጣ ይህን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እታለም፣ በአንድ ቀን ነው የጀመረዎት ወይስ ቀስ በቀስ?» አልኋቸው። «አይ ልጄ፣ በአንድ ቀንማ ቢሆን ቀኑን እነግርህ ነበር። እንደ ጥላ ነው የመጣብኝ» አሉኝ። የሕመሙ ታሪክ ግማሹ በዚህች መልስ ውስጥ ነበር። ቤልስ ፓልሲ ቀኑ ይታወቃል፤ እንደ ጥላ ቀስ ብሎ የሚመጣ የፊት ድካም ግን ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ መመርመር ይኖርበታል። ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ሐኪም እንዲሄዱ ቤተሰቡ ተስማማ።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመው ታሪኩን ከመጀመሪያው መርገብገብ ጀምሮ አስነገሯቸው። ቀጥለው ግንባራቸውን እንዲጨማድዱ፣ ዓይናቸውን እንዲከድኑ፣ ጥርሳቸውን እንዲያሳዩ፣ ጉንጫቸውን በአየር እንዲነፉ አዘዟቸው። ጆሯቸውን በመሣሪያ አዩ፤ ከጆሮ በታችም እብጠት እንዳለ ዳሰሱ። የፊት ነርቭ ድካም እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣውና በሁለት ሐኪሞች ስም ሃውስ ብራክማን በሚባለው መለኪያ በ6 ደረጃ ይመደባል፤ 1ኛው ጤነኛ ፊት ነው፤ 6ኛው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ነው። እታለም 3ኛ ደረጃ ላይ ነበሩ። መጣመሙ በግልጽ ይታያል፤ ዓይናቸው ግን በጥረት ይከደናል።

የመስማት ምርመራም ተደረገላቸው፤ በግራ ጆሯቸው ጥቂት ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ኤም.አር.አይ ታዘዘ። ዋጋው ለአንድ መምህርት ቀላል አልነበረም፤ የእቁብ ዕጣቸው ለዚህ ዋለ። በዚህ ምርመራ ጊዜ ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ ዕጢውም በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ደግሞም ምርመራው ለነርቩ መንገድ ተብሎ በስስ በስሱ መነሣት አለበት፤ ለጠቅላላ ራስ ተብሎ የሚነሣ ተራ ሲቲ ስካን ትንሽ ዕጢን ሊያልፈው ይችላልና። የእታለም ዕጢ የታየው ነርቩ እንደ ጉልበት በሚታጠፍበት ስፍራ ነበር፤ የስፍራው የላቲን ስምም «ትንሽ ጉልበት» ማለት ነው። ከዚያ የአጥንቱን ሁኔታ ለማየት ረቂቅ ሲቲ ስካን ተጨመረ። ቦዩ ጠርዙ ለስልሶ ሰፍቶ ተገኘ፤ ይህም ወደ ሽቫኖማ ያመለክታል። ሄማንጂዮማ ቢሆን ኖሮ አጥንቱ ብዙ ጊዜ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ይመስላል።

«ታዲያ ናሙና አይወሰድም?» የሚል ይኖራል። ናሙና መውሰድ ራሱን ነርቩን መቁረስ ስለሚሆን፣ ምስሉ ግልጽ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አይመከርም።

ዕጢው ካንሰር ካልሆነ ለምን አይቆረጥም?

ውጤቱ በተነገረ ቀን እታለም ያሉት ሁላችንም በልባችን ያሰብነውን ነበር። «ካንሰር ካልሆነማ ቆርጠው ያውጡልኝና ልገላገል» አሉ። ሐኪሙም ወንበራቸውን አስጠግተው እንዲህ ብለው አስረዷቸው፦ «ዕጢው በነርቩ ላይ የተለጠፈ ቢሆን ልጬ አነሣው ነበር። ያበጠው ግን የነርቩ የራሱ ሽፋን ነው። ሳወጣው በአብዛኛው ነርቩም አብሮ ይቆረጣል። ከእግርዎ ወይም ከአንገትዎ ሌላ ነርቭ ወስጄ ልቀጥለው እችላለሁ፤ ነገር ግን የተቀጠለ ነርቭ፣ ሁሉ ቢሳካ እንኳ፣ ከ3ኛ ደረጃ የተሻለ ፊት አይሰጥም። እርስዎ ዛሬ ያሉት 3ኛ ደረጃ ላይ ነው። ዛሬ ብቆርጠው በብዙ ድካም የማደርስዎት አሁን ከቆሙበት ስፍራ ነው።»

ተወዳጆች ሆይ፣ ይህን ንግግር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሰው ቢላውን ማንሣት ሲችል «አሁን አይደለም» ማለቱ የእውቀቱ ማነስ ሳይሆን ብዛቱ ነው። የተቀጠለ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እያደገ ስለሚሄድ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ፊቱ ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ሙሉ ፍሬው እስኪታይም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። አንዱ ዕጢውን ሳይነኩ የአጥንቱን ቦይ ክዳን በማንሣት ለነርቩ ቦታ መስጠት ነው። ሌላው ጨረርን ከብዙ አቅጣጫ በዕጢው ላይ ብቻ ማሳረፍ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለውን ጋማ ናይፍ የተባለ መሣሪያ ያመነጨው ስዊድናዊው ሐኪም ላርስ ሌክሴል ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1968 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ጨረሩ ዕጢውን አያወጣውም፤ ዓላማው እድገቱን ማስቆም ነው። ፊት ገና ደኅና ሆኖ ሳለ ዕጢው ማደጉ ሲረጋገጥ ይታሰባል፤ እርሱም መስማትንና ነርቩን የመጉዳት ዕድል አለው።

ቆርጦ ማውጣት ጊዜው የሚደርሰው ድካሙ ወደ 4ኛ ደረጃና ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ወይም ዕጢው ወደ ውስጠኛው ጆሮና ወደ አንጎል ሲገፋ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ መዘግየት ጥፋት ነው። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ከዓመት በላይ ሲቆይ እየመነመነ ይሄዳልና፣ ከዚያ በኋላ ቢቀጠልለት እንኳ ለመታዘዝ ይቸገራል። ያን ጊዜ የሚቀረው የምላስን ነርቭ ከፊት ነርቭ ጋር ማገናኘት ወይም ሌላ ጡንቻ ማዛወር ይሆናል።

ስለዚህ የእታለም ሕክምና መጠበቅ ሆነ። ይህ መጠበቅ ግን የቀን መቁጠሪያ አለው። በ6ኛው ወር ኤም.አር.አይ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይነሣሉ፤ የመስማት ምርመራም አብሮ ይደረጋል። በየወሩ በልደታ ዕለት ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ ቆመው ቅንድባቸውን አንሥተው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ፈገግ ብለው ሦስት ፎቶ ይነሣሉ። ቀስ ብሎ የሚለወጥን ፊት በየቀኑ በመስተዋት የሚያይ ሰው ለውጡን አያስተውለውም፤ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ግን ያየዋል። ሁለት ጊዜ በተነሡት ኤም.አር.አይ ዕጢው አልጨመረም።

ልዩነቱን እዩት። በመጀመሪያው ዓመት «ጠብቂ» የተባለው ማንም ሳያይ፣ ምን እንደሚጠበቅ ሳይታወቅ ነበር፤ ያ መዘናጋት ነው። በሁለተኛው ዓመት «ይጠብቁ» የተባለው ሕመሙ በስሙ ታውቆ፣ ወሰኑ ተነግሮ፣ ቀኑ ተቈርጦ ነው፤ ይህ ትዕግሥት ነው። ዓይኑን የከፈተ መጠበቅ ትዕግሥት ይባላል፤ ዓይኑን የጨፈነ ግን አይባልም።

ጠበሉና መድኃኒቱ

ይህ ነገር በቤታችን የእምነት ጥያቄም አስነሥቶ ነበር። ከዘመድ አንዱ «ወይ ጠበሉን ወይ ሐኪሙን ምረጡ» አላቸው። እታለም ተጨንቀው ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። እርሳቸውም «ልጄ፣ ተጠመቂ፤ መድኃኒትሽንም አታቋርጪ፤ ቀጠሮሽንም አትዝለዪ» ብለው መለሷቸው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፣ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር እንደሚያስተምር የምታውቁ ናችሁ። ፈውስ የእግዚአብሔር ነው፤ ምርመራውን መተው ግን የእምነት ማረጋገጫ አይደለም።

ከዚህ ጋር አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በደንብ የማይከደን ዓይን ይደርቃል፤ ብሌኑም ይቆስላል። ስለዚህ ቀን የዓይን ጠብታ፣ ሌሊት ቅባት ያስፈልገዋል፤ ሲተኙም እንዲከደን ይደረጋል። ነፋስ፣ አቧራና የዕጣን ጢስ ይጎዱታልና እታለም በቅዳሴ ጊዜ ጠብታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዛሉ፤ ከጠበል ሲወጡም ወዲያው ይጠቀማሉ። ዓይኑ ቢቀላ፣ ቢያም ወይም ቢጋረድ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። ፊት እስኪድን መጠበቅ ይቻላል፤ የቆሰለ ብሌን ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

በአካባቢያችሁም ፊቱ የተጣመመ ሰው ካለ «ምን አድርጎ ይሆን?» አትበሉ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህን ጠይቀው የተመለሰላቸውን መልስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንብቡ። ይልቁንም ዓይን ዓይኑን እያያችሁ አጫውቱት። እታለም አንድ ቀን ከሰሌዳው ዞር ብለው ለተማሪዎቻቸው «ፊቴ ታሟል፤ ድምፄን ስሙ» አሏቸው። ሕፃናቱም ሁለት ቀን አፍጥጠው አዩአቸው፤ በሦስተኛው ቀን ረሱት።

ልብ ልትሏቸው የሚገቡ ምልክቶች

የፊት ድካም በድንገት ከእጅ ወይም ከእግር መዛል፣ ወይም ከንግግር መያያዝ ጋር ቢመጣ የአንጎል ምት ሊሆን ይችላልና አንድ ሰዓት እንኳ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ድካሙ በፊት ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ፦

ድካሙ በቀናት ሳይሆን በሳምንታትና በወራት እየጨመረ መጥቷልን?
ከድካሙ በፊት ወይም ከእርሱ ጋር የፊት መርገብገብ አለን?
3 ወር አልፎት ምንም መሻሻል አላሳየምን?
በዚያው ወገን ተመላልሶ መጥቷልን?
በዚያው ወገን መስማት ቀንሷልን? ወይስ ጆሮ ይጮኻልን?
ከጆሮ በታች ወይም በጉንጭ ላይ እብጠት ይዳሰሳልን?

ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ «ይተውሃል» በሚል ቃል ብቻ አትመለሱ። በትሕትና ነገር ግን በጽናት «የነርቩን መንገድ የሚያሳይ ምርመራ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ሁሉ ምልክት ጋር እንኳ ዕጢ የሚገኝበት ሰው ጥቂት ነውና አትደንግጡ፤ ጥቂት ነው ብላችሁም አትተዉት።

መጠበቅ የሚገባንን በትዕግሥት እንድንጠብቅ፣ መጠየቅ የሚገባንንም ሳንዘናጋ እንድንጠይቅ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን። ሕሙማንን ሁሉ በምሕረቱ ይጎብኝልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር